ከሴባስቶፖል ጋሪ እስከ ባጃጅ፦ የትናንሽ ሞተሮች ታሪክ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ

ጎ-ካርት የምትባለው ጣሪያም ሞላም የሌላት፣ አንድ ሰው ብቻ የምትይዝ አነስተኛ የውድድር መኪና ስትሆን፣ የመጀመሪያዋን እ.ኤ.አ. በ1956 በካሊፎርኒያ የሠራት አርት ኢንግልስ የተባለ የእሽቅድድም መኪና ሠራተኛ ነው። ኢንግልስ ለመኪናይቱ የተጠቀመበት ሞተር ለውድድር የተፈጠረ ሳይሆን ለሣር ማጨጃ የተሠራ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ማኩሎክ የተባለው ፋብሪካ የእንጨት መሰንጠቂያ መጋዝ ሞተሩን ለዚሁ ጨዋታ አሻሽሎ አቀረበ። ስለዚህ የጎ-ካርት ሞተር ዓይነቶችን ለመረዳት ወደ ውድድር ሜዳው ሳይሆን ሞተሮቹ ወደተወሰዱበት የሥራ ዓለም መመልከት ይበጃል። በምሥራቃዊ ደቡብ ጎንደር፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ የእነዚሁ ሞተሮች ዘመዶች እህል ለመፍጨት፣ ውሃ ለመሳብና ሰው ለማጓጓዝ ገብተዋል፤ የአገሩ ዳገትና ከፍታም የእያንዳንዱን ጠባይ ከማንኛውም የውድድር ሜዳ ይልቅ ገልጦ አሳይቷል።

ሞተር ከመድረሱ አስቀድሞ በዚህ አካባቢ ከባድ ጭነት በመንኮራኩር የተጓዘበት ታላቁ አጋጣሚ የዐፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ጉዞ ነው። ንጉሡ በደብረ ታቦር አጠገብ ባለችው ጋፋት፣ ቴዎፍሎስ ዋልድማየርን በመሳሰሉ የአውሮፓ ሚሲዮን የእጅ ባለሙያዎች ያሠሩትን፣ ክብደቱ ወደ 7 ቶን የሚገመተውን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ በጋሪ አስጭነው በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ከደብረ ታቦር ተነሡ። ጉዞው በጋይንት በኩል ወደ ጨጨሆና ዘቢጥ፣ ከዚያም በዋድላና በደላንታ አድርጎ የጅጣንና የበሽሎን ገደሎች በመሻገር በመጋቢት ወር መቅደላ ደረሰ። መንገዱ አስቀድሞ የነበረ ሳይሆን ድንጋይ እየተፈነቀለና ገደል እየተናደ በጉዞው ላይ የተሠራ ሲሆን፣ ንጉሡ ራሳቸው ከሠራዊቱ ጋር ድንጋይ ያነሡ እንደነበር የዘመኑ ምስክሮች ጽፈዋል። ዳገቱን የሚወጣው ጋሪ በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ጉልበት በጠፍር ይሳብ ነበር፤ ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ የባሰ ነበር፤ ምክንያቱም ጭነቱ ወደ ፊት እንዳይሮጥ ወደ ኋላ መያዝ ነበረበት። በእነዚያው ወራት ወደዚያው መቅደላ ሲገሠግሥ የነበረው የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ጦር በዙላ የባሕር ዳርቻ የባቡር ሐዲድ ዘርግቶ ስንቁን በእንፋሎት ሞተር ያጓጉዝ እንደነበር ሲታሰብ፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት በጠመንጃ ብቻ ሳይሆን በሞተርም እንደነበር በግልጽ ይታያል። የጋይንት ገበሬ ከቴዎድሮስ ጉዞ ያተረፈው መከራን ነው፤ መንገዱም ከንጉሡ ጋር አብሮ ሞተ።

ለሞተር የሚመች መንገድ የተገኘው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግን ከጎበኙ በኋላ በቻይና እርዳታ የወረታ–ወልድያ መንገድ ሲሠራ ነው። መንገዱ ደብረ ታቦርን፣ ነፋስ መውጫንና ጨጨሆን እያያያዘ ያልፋል፤ ወደ አባይና በሽሎ ሸለቆዎች የሚያዘቀዝቁት እስቴና ስማዳ ግን ከዚህ መስመር በስተ ደቡብ ቀርተዋል።

በገጠሩ ኑሮ ላይ ከፍተኛውን ለውጥ ያመጣው ሞተር የወፍጮው ናፍጣ ሞተር ነው። ይህ ሞተር ካንዴላ ማለትም የእሳት ብልጭታ የሚሰጥ መሣሪያ የለውም፤ ፒስተኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን አየር አጥብቆ ሲጨምቀው አየሩ እጅግ ይግልና የሚረጨው ናፍጣ በራሱ ይቀጣጠላል። በኢትዮጵያ ወፍጮ ቤቶች የታወቀው የእንግሊዙ ሊስተር ሞተርና የሕንድ አምሳያዎቹ በደቂቃ 650 ዙር ብቻ የሚዞሩ፣ ከባድ የብረት መንኮራኩር ያላቸውና ኃይላቸውን በቺንጋ ወደ ድንጋዩ የሚያስተላልፉ ናቸው። ክብደቱና ዝግታው ለጎ-ካርት ጨርሶ የማይሆን ቢሆንም፣ ለወፍጮ ግን ዕድሜ የሚሰጠው ይኸው ዝግታው ነው። ሴቶች ከንጋት በፊት ተነሥተው በመጅ ሲፈጩት የነበረው እህል በደቂቃዎች ውስጥ ዱቄት መሆኑ፣ በዚህ አገር ከገቡት የብረት ሥራዎች ሁሉ ይህን ሞተር በቀዳሚነት እንዲመሰገን ያደርገዋል።

ቤንዚን የሚነዱት ሞተሮች በሁለት ይከፈላሉ። ባለ ሁለት ምት የሚባለው ፒስተኑ አንድ ጊዜ ወጥቶ በወረደ ቁጥር እሳት የሚያገኝ፣ ቫልቭ የሌለው፣ ቀላልና ኃይለኛ ሞተር ነው፤ በዓለም አቀፍ የካርት ውድድር የሲሊንደሩ ይዘት 125 ሲሲ የሆነው ዓይነት በደቂቃ ከ15000 ዙር በላይ ይሽከረከራል። ባለ አራት ምቱ ግን አየር ለመሳብ፣ ለመጭመቅ፣ ለማቃጠልና ጭሱን ለማስወጣት ፒስተኑን ሁለት ጊዜ ስለሚያመላልስ በእኩል ሲሲ ኃይሉ ያንሳል፤ ነዳጅ ግን ይቆጥባል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በኪራይ ጎ-ካርቶች ላይ የሚገጠመው ሆንዳ ጂኤክስ ከዚህ ወገን ሲሆን፣ ይኸው ሞተር በመስኖ ውሃ መሳቢያ ላይም ይገኛል። ባለ ሁለት ምቱ የሚለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር በሚቀላቀል ዘይት በመሆኑ፣ ሹፌሩ በረጅም ቁልቁለት ጋዙን ሲለቅ ዘይቱም አብሮ ይቋረጣል፤ ፒስተኑም ሊነክስ ይችላል። በጉና ተራራ ግርጌ እየተጠማዘዙ የሚወርዱ መንገዶች ላሉት አገር ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም። ሰው የሚያጓጉዙት ባጃጆችም ቀድሞ በሁለቱም ዓይነት ይሠሩ የነበረ ሲሆን ባለ አራት ምቱ አሸንፎ መቅረቱ ለደጋው ሰው የሚበጅ ሆኗል።

ከሁሉ በላይ ወሳኙ ግን ከፍታ ነው። ነፋስ መውጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቆረቆረች ሲሆን፣ በዚያ ያለው አየር ስስ በመሆኑ መጭመቂያ ተርቦ የሌለው ሞተር ከኃይሉ 30 በመቶ ያህሉን ያጣል፤ 10 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው 7 ያህሉን ብቻ ይሰጣል ማለት ነው። ካርቡራቶሩ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ከአየሩ ይበዛና ጭሱ ይጠቁራል፣ ካንዴላውም ጥላሸት ይለብሳል። ከ1500 ሜትር በታች ከሚወርደው የስማዳ ቆላ ተነሥቶ ወደ ደጋ የሚወጣ ሞተር በአንድ ቀን ጉዞ የሁለት አገር አየር ይተነፍሳል፤ በሲሲና በፈረስ ጉልበት ቁጥር ብቻ ሞተር መግዛት በዚህ ስፍራ ኪሣራ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ችግር የማያውቀው የኤሌክትሪክ ሞተር ብቻ ነው፤ ለማቃጠል አየር ስለማይፈልግ በቆላም በደጋም ኃይሉ እኩል ነው፤ ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ስለሚሰጥም ለዳገት ይመቻል። የኪራይ ጎ-ካርቶች ወደ ባትሪ እየዞሩ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ አግዳለች። የናፍጣው ወፍጮም ቦታውን ለኤሌክትሪክ መልቀቁ አይቀርም። ሞተሩን በጆሮው እየሰማ ሕመሙን የሚያውቀው የወፍጮ ባለሙያ እውቀት ግን በጽሑፍ አልተያዘም፤ የወረዳዎቹ የባህል ጽሕፈት ቤቶችና የሙያ ማሠልጠኛዎች እነዚህ አረጋውያን በሕይወት ሳሉ ቃላቸውን ሊቀርጹ፣ ከአሮጌዎቹ ሞተሮችም ጥቂቱን ለቁራጭ ብረት ከመሸጥ ሊያድኑ ይገባል።