ግብር የሌለበት ደመወዝ ለምን ይጎድላል?

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀው ሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። የዚያን ዓመቱ የገቢ ግብር አዋጅም ለደመወዝ የጸናው ከሐምሌ 1 ጀምሮ ነበር፤ የአጋጣሚ ነገር! በ1994ቱ አዋጅ ከግብር ነጻ የነበረው 150 ብር ብቻ ስለነበር 750 ብር የሚከፈላት ልጅ 65 ብር ትገብር ነበር። ነጻው 600 ብር ሲሆን ግብሯ 15 ብር ወረደ። በ2017 ደግሞ ነጻው 2,000 ብር ደረሰ።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚቆረጠው?» ጡረታ ነዋ! በ2003 የወጣው አዋጅ የግል ድርጅት ሠራተኛንም የጡረታ ባለመብት አደረገ። እዚህ ላይ ነጻ የሚባል ብር የለም፤ ከሠራተኛው 7 ከመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው 11 ይጨምራል። ከ750 ብር ላይ 52 ብር ከ50 መሆኑ ነው፤ ከግብሩ ሦስት እጥፍ ይበልጣል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የተቆረጠው አይደለም፤ አሠሪው የሚጨምረው 11 በስማችሁ መግባቱን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ?