የዓይን ሕክምና ዋጋ ዐሥር እጥፍ ጨመረ ወይስ ሦስት?

የስኳር ዋጋ መጨመሩን ማወቅ ቀላል ነው፤ የአምናውን ኪሎ ከዘንድሮው ኪሎ ጋር ማወዳደር ይበቃል። ሕክምናስ? በምን ይለካል?

አሜሪካ ውስጥ የሸማቾችን ዋጋ የሚመዘግቡ ባለሙያዎች ለብዙ ዓመታት «አልጋ በቀን ስንት ነው? የሐኪሙስ ክፍያ?» እያሉ ነበር የሚጠይቁት። ዘዴው የት ላይ እንደሚበላሽ በዓይን ሞራ ግርዶሽ ሕክምና እንየው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

በ1960ዎቹ መጨረሻ የግርዶሽ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት አሜሪካዊ ሳምንት ያህል ሆስፒታል ይተኛ ነበር። ሲወጣም በጣም ወፍራም መነጽር ማድረግ ነበረበት። ከዚያ ሁለት ነገሮች እየተስፋፉ መጡ። አንደኛው፣ እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ በ1949 የጀመረው፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ዓይን ውስጥ የመትከል ዘዴ ነው። ሁለተኛው፣ አሜሪካዊው ቻርልስ ኬልማን በ1967 ያስተዋወቀው ነው፤ ግርዶሹን በአልትራሳውንድ ሰባብሮ በጠባብ ቀዳዳ መምጠጥ። ቀስ በቀስ ታካሚው ጠዋት ገብቶ በዚያው ቀን ቤቱ መግባት ጀመረ።

አሁን እስቲ እናስላ። ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። ድሮ አልጋ በቀን 100 ዶላር ቢሆን፣ ሰባት ቀን 700 ዶላር ነው። ዛሬ አልጋው 300 ገባ፤ የሚያስፈልገው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው። የአልጋ ቆጣሪው «ዋጋው ሦስት እጥፍ ሆነ» ይላል። ታካሚው ግን የከፈለው ከግማሽ በታች ነው!

ማቲው ሻፒሮ እና ዴቪድ ዊልኮክስ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በ1996 ይህንኑ በእውነተኛ መረጃ ሠሩት። በአሮጌው ዘዴ ሲሰላ፣ የግርዶሽ ሕክምና ዋጋ ከ1969 ወዲህ በሩብ ምዕተ ዓመት ዐሥር እጥፍ ገደማ ሆኗል። ሙሉውን ሕክምና እንደ አንድ ዕቃ ቆጥረው ሲያሰሉት ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ታዲያ ማን ይጎዳል? አሜሪካ ውስጥ ከ1975 ጀምሮ የጡረታ አበል የሚስተካከለው በዚሁ የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ነው። መለኪያው ካጋነነ መንግሥት ከሚገባው በላይ ይከፍላል፤ ካሳነሰ ደግሞ ጡረተኛው ይራባል። በ1996 ማይክል ቦስኪን የመሩት ኮሚሽን መለኪያው በዓመት 1.1 የፐርሰንት ነጥብ ያህል ያጋንናል ብሎ ደመደመ። ክርክሩም ጦፈ፤ ብዙዎች ቁጥሩን ተቃወሙ፤ ጉዳዩ የሚሊዮኖች ኪስ ነበርና። የአገሪቱ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮም በ1997 ክፍልፋዩን ለየብቻ መከታተሉን ትቶ የሆስፒታል አገልግሎትን አንድ ላይ ማየት ጀመረ።

ስህተቱ ግን ሁልጊዜ ወደ ማጋነን አያደላም። የአንድ ትምህርት ቤት ክፍያ ሳይለወጥ፣ በክፍሉ 30 የነበሩት ተማሪዎች 60 ቢሆኑስ? ደረሰኙ «ዋጋው ያው ነው» ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ?