ከዕቃ ቤት ወደ ትምህርት ቤት፦ ያገለገለ የመሥሪያ ቤት ዕቃ ታሪክ በምዕራብ ጎጃም

ከደንበጫ ተነሥቶ በፍኖተ ሰላም በኩል ወደ ቡሬ የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ወደሚያገኘው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ ጎራ ቢል፣ ከዋናው ሕንፃ በስተጀርባ አንድ ዓይነት ክምር ማየቱ አይቀርም፤ ይኸውም እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ መሳቢያው የጎደለ ጠረጴዛና በሩ የተገነጠለ መደርደሪያ ነው። ክምሩን ያየ ሁሉ «ግዴለሽነት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀናዋል። ታሪኩን ለመረመረ ግን ክምሩን የፈጠረው ግዴለሽነት ብቻ ሳይሆን ጥንቃቄም ጭምር መሆኑ ይገለጽለታል።

የመሥሪያ ቤት ወንበርና ጠረጴዛ በአገራችን ረጅም ዕድሜ የለውም። ቀድሞ ዳኛው በዛፍ ጥላ ሥር፣ ሹሙም በመደብ ወይም በጠፍር አልጋ ላይ ተቀምጦ ይፈርድና ያስተዳድር ነበር፤ ጸሐፊውም ብራናውን በጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ይጽፍ ነበር። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ ዘመናዊው መሥሪያ ቤት መልክ መያዝ ጀመረ። ከጠላት ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. የአገር አስተዳደር ደንብ ሲታወጅ ደግሞ ሥርዓቱ ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ዘለቀ። ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ፍኖተ ሰላም የቆላ ደጋ ዳሞት አውራጃ ዋና ከተማ ስትሆን፣ መዝገብ፣ ማኅተምና ጠረጴዛ አብረው ገቡ።

ከዕቃው ጋር የንብረት ሒሳብ መጣ። ዕቃው ሲገባ በሞዴል 19፣ ሲወጣ በሞዴል 22 ይመዘገባል፤ ቁጥሩም በቀለም ይጻፍበታል። የድሃ አገር ንብረት በየሰው ቤት እንዳይቀር ይህ ሥርዓት ያደረገው አስተዋጽኦ ቀላል አይደለም። ነገር ግን መዝገብ የዕቃውን መኖር እንጂ የዕቃውን ጤንነት አይጠይቅም። የተሰበረ ወንበር በዕቃ ቤት እስካለ ድረስ ሒሳቡ ትክክል ነው፤ ተጠግኖ ለሌላ ቢሰጥና አንድ ወረቀት ቢጎድል ግን ዕዳው በዕቃ ቤት ኃላፊው ላይ ይወድቃል። ስለሆነም አስተዋይ የሆነ ኃላፊ ቆልፎ ማስቀመጥን ይመርጣል። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ አውራጃ ቀርቶ ዞን ሲቋቋምና ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን መቀመጫ ስትሆንም፣ መዋቅሩ ተለወጠ እንጂ ሞዴል 19ና ሞዴል 22 አልተለወጡም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝ አንድ መሥሪያ ቤት የሚያፈሰውን የዕቃ ቤት ጣሪያ እንድመለከትለት ጠርቶኝ ነበር። ውኃው ከሚወርድበት ሥር አንድ የዋንዛ ጠረጴዛ አገኘሁ። ጉድለቱ የአንድ እግር መላቀቅ ብቻ ነበር፤ ለአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ኃላፊውን ብጠይቀው «ያለ ትእዛዝ አልነካውም፤ ለኮሚቴው ጽፌያለሁ» አለኝ። በዓመቱ ስመለስ ፈቃዱ ደርሶ ነበር። ጠረጴዛው ግን መጋጠሚያው በስብሶ፣ ፊቱ ተሰንጥቆ፣ ለማገዶ ካልሆነ በቀር ለምንም የማይበጅ ሆኖ ቆየኝ።

ጉዳቱን በገንዘብ ብቻ መመዘን አይገባም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 ዋንዛን፣ ኮሶን፣ ዝግባንና ጽድን ከመንግሥት ደን መቁረጥ የከለከለው እነዚህ ዛፎች እየተመናመኑ ስለሄዱ ነው። በወንዴና በሴቴ የተጋጠመ የዋንዛ ጠረጴዛ ተፈትቶ፣ ተልጎና በኮላ ተጣብቆ እንደ ገና ያገለግላል። ከቱቦላሬ የተሠራም ወንበር በብየዳ ይድናል። በኋላ የመጣው ቺፕውድ ግን አንድ ጊዜ ውኃ ከጠጣ ያብጣል፤ ብሎን የወጣበትም ቀዳዳ ሁለተኛ ብሎን በቅጡ አይዝም። እንግዲህ ዕቃ ሁሉ አንድ ዓይነት ዕድሜ ስለሌለው፣ አንድ ዓይነት ቀጠሮ ሊሰጠው አይገባም።

መንግሥትም ችግሩን ሳያየው አልቀረም። በጳጉሜን 2001 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የግዥና ንብረት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 649፣ እስከ ተተካበት ጊዜ ድረስ፣ ንብረት የማስወገድን ሥራ ከግዥ ጋር በአንድ ሕግ ሥር አኑሮት ነበር። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት ሲቋቋም ደግሞ ከ«አምስቱ ማዎች» ፊተኛው «ማጣራት» ሆነ፤ ይኸውም የማያስፈልገውን ከሚያስፈልገው መለየት ማለት ነው። ክፍሎች ጸዱ። ነገር ግን የተለየው ዕቃ የሚሄድበት ካልተዘጋጀ፣ ከክፍል ወደ ጓሮ መውጣት ብቻ ይሆናል።

በአዲስ አበባ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያሉትን የእጅ ባለሙያዎች ያየ ሰው የዚህን ተቃራኒ ያያል። ቁራሌው ከየሰፈሩ ያመጣው ብረትና ጣውላ ወዲያው ተፈትቶ ምድጃ ወይም ሣጥን ይሆናል። እነርሱ ከእኛ የሚበልጡን በጊዜ ነው።

በእኛ ዘንድ ጊዜው የሚባክነው የመዝገቡና የሰማዩ ቀጠሮ ስለሚጋጭ ነው። የበጀት ዓመት የሚዘጋው በሰኔ 30 ስለሆነ የንብረት ቆጠራም የሚደረገው በዚያው ሰሞን ነው። ተለይቶ የወጣው ዕቃ ጓሮ የሚደርሰውም የጎጃም ክረምት በሚበረታበት በሐምሌ ነው። ውሳኔ እስኪመጣ አንድ ክረምት ያልፍበታል።

መፍትሔው ታላቅ ወጪ አይጠይቅም። የመለየቱ ሥራ ወደ ሚያዝያ ይምጣ፤ በኮሚቴውም ውስጥ እንጨትና ብረት የሚያውቅ ባለሙያ ይግባ። የሚጠገነው በሙያ ማሠልጠኛ ተማሪዎች እጅ ይጠገን፤ በደንቡ መሠረትም ከመስከረም በፊት ለትምህርት ቤት ይተላለፍ። በገጠር በጭቃ መደብና በድንጋይ ላይ ተቀምጠው የሚማሩ ልጆች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ተጎድተዋልም። እነዚያ በሮች ሲከፈቱ መጀመሪያ የሚፈለገው መቀመጫ ነው።

በዚሁ አገር ገበዝ ማርያም የሚባል ቦታ አለ። ገበዝ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚጠብቅ ሹም ነው፤ ጥበቃውም አገልግሎቱ እንዳይቋረጥ ነው። የእኛም የንብረት ጠባቂነት በዚሁ ሊለካ ይገባል፤ በዕቃ ቤት ተቆልፎ በተገኘው ወንበር ሳይሆን፣ ሰው ተቀምጦበት በተገኘው።