አነስተኛው ገበሬና የልማት ዕቅድ፤ ከጭላሎ የተገኘ ትምህርት

በ1960 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ባደረጉት ስምምነት መሠረት፣ በአሩሲ ጠቅላይ ግዛት፣ በጭላሎ አውራጃ፣ ማዕከሉን አሰላ ያደረገ የእርሻ ልማት ድርጅት ተቋቋመ። በአጭሩ ካዱ ይባል የነበረው ይህ ድርጅት ዋና ዓላማው የአነስተኛውን ገበሬና የጭሰኛውን ኑሮ ማሻሻል ነበር። ስለሆነም ምርጥ የስንዴ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ማቅረብ፣ እህል መግዛት፣ መንገድ መጥረግና በበሬ የሚሳቡ የእርሻ መሣሪያዎችን መፈተሽ የሥራው ክፍሎች ሆኑ።

በቴክኒክ ረገድ ዕቅዱ ሠመረ፤ የስንዴ ምርትም አደገ። ይሁን እንጂ ጭሰኛው ብድር ለማግኘት ከባለርስቱ ጋር የተፈራረመበትን የኪራይ ውል ማቅረብ ሲኖርበት፣ ብዙ ባለርስቶች ለመፈረም ፈቃደኛ አልነበሩም። ስንዴ ትርፍ እንደሚያስገኝ በታየ ጊዜ ደግሞ ባለርስቱ መሬቱን በትራክተር ማሳረስን መረጠ። ትራክተር ያለቀረጥ መግባቱም ይህን አፋጠነ። በዚህ ምክንያት ዕቅዱ ከታሰበላቸው ጭሰኞች መካከል በብዙ ሺህ የሚቆጠሩት ከመሬታቸው ተነቀሉ።

የባለመሬትና የጭሰኛን ግንኙነት ለማሻሻል ለፓርላማ የቀረበው ረቂቅ ሕግ ሳይጸድቅ የዘውዱ ሥርዓት ወደቀ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን ሻረ፤ የአንድ ቤተሰብ ይዞታ ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የገበሬ ማኅበራትም እንዲቋቋሙ አደረገ። ነገር ግን በዕቅድ ላይ የሚወስነው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በአዋጁ አልተመለሰም። በ1970ዎቹ በወሎና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች በምግብ ለሥራ የተሠራው እርከን ብዙውን ጊዜ ከበላይ በወረደ ትእዛዝ የተሠራ ነበር። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ከታወጀና በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ከእርከኑም ከተተከለው ደንም ብዙው በገበሬው እጅ ፈረሰ፣ ተመነጠረ።

በአንጻሩ የኮንሶ ሕዝብ በራሱ ደንብ የካበውን የድንጋይ እርከን ለብዙ ትውልድ ሲጠግነው ኖሯል፤ በ2003 ዓ.ም.ም የኮንሶ መልክዐ ምድር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እንግዲህ የገጠር ፕሮጀክት የሚነድፍ መሐንዲስ አፈሩንና ውሃውን ሲለካ፣ መሬቱ በማን እጅ እንደሆነ፣ የብድሩን ውል ማን እንደሚፈርም፣ ሥራው ካለቀ በኋላም ማን እንደሚጠግነው አስቀድሞ ከገበሬው ጋር ሊመክርበት ይገባል። ገበሬው በጉልበቱ ብቻ የተሳተፈበት ሥራ፣ የሚያዝዘው አካል በሄደ ማግስት ባለቤት ያጣል።