ሲጋራ በፍሬ

አፄ ዮሐንስ አራተኛ ትምባሆን የጠሉት በዋዛ አልነበረም። ያጨሰ ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበ አፍንጫው ይቆረጥ ነበር። ቅጠሉ ከመናፍቁ አርዮስ መቃብር ላይ የበቀለ ነው የሚል አፈ ታሪክም ነበርና ጭሱ የሃይማኖት ጉዳይ ሆኖ አረፈው። ጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳልን «ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት» ብለው በጎጃም ያነገሡት እኚሁ ንጉሠ ነገሥት ናቸው። የተክለ ሃይማኖት መቀመጫ ደግሞ መንቆረር ነበረች፤ የዛሬዋ ደብረ ማርቆሳችን።

ያን ጊዜ ተቀጪው አጫሹ ነው። ኋላ ግን መንግሥት ራሱ ነጋዴ ሆነና ነገሩ ተገለበጠ። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ትምባሆ የመንግሥት ሞኖፖል ነበር። ዙፋኑን የገለበጠው ደርግም ሞኖፖሉን አልገለበጠውም። ኢሕአዴግ ደግሞ ሸጠው፦ በ2008 ዓ.ም. ጃፓን ቶባኮ የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅትን 40 በመቶ በ510 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ በ2010 ዓ.ም. ድርሻውን ወደ 71 በመቶ አሳደገው።

ይህን ያህል ዶላር የሚያስከፍል ገበያ የት ነው ያለው? ሩቅ አንሂድ። ማርቆስ መናኸሪያ አካባቢም ሆነ አዲስ አበባ መርካቶ፣ ማስቲካና ሶፍት ከኒያላ ጋር ደርድሮ የሚዞር ሱቅ በደረቴ አይጠፋም። ፓኬት የመግዛት አቅም የሌለው የቀን ሠራተኛ አንድ ፍሬ አያቅተውም። ተማሪውንም አያቅተውም።

በእርግጥ ሕግ አለን። አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በፍሬ መሸጥንም፣ 21 ዓመት ላልሞላው መሸጥንም ከልክሏል፤ የፓኬቱ ፊትና ጀርባ 70 በመቶው በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈንም አዟል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅም 30 በመቶና በፓኬት 8 ብር ጣለ። ችግሩ ግን በፍሬ መሸጡ እስካልቀረ ድረስ ሌላው ሁሉ መላላቱ ነው። አንድ ፍሬ የሚገዛ ልጅ ሥዕሉን አያየውም፤ እሱ ሻጩ ካርቶን ውስጥ ይቀራል። 8 ብሩም ለ20 ፍሬ ሲካፈል 40 ሳንቲም ነው።

ታዲያ ሕጉን እናስከብር ስንል ደንብ አስከባሪ የምስኪኑን ካርቶን ነጥቆ ይሩጥ ማለታችን አይደለም። እሱማ በአፄ ዮሐንስ ጊዜም ተሞክሯል፤ ቅጣቱ ሁልጊዜ የሚያርፈው ከታች ባለው ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት ካርቶኑን የሚሞላው አከፋፋይና ከፍሬው የሚያተርፈው ድርጅት ነው። ለመሆኑ እስከ ዛሬ ማን ጠይቋቸው ያውቃል?