የቮልቴጅ ግንፈላ

በፍራንክፈርት አም ማይን የነበረው የአድለር ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1949 እስከ 1957 ሞተርሳይክል ሠርቷል። የእነዚያ ሞተሮች ኤሌክትሪክ 6 ቮልት ሲሆን ሥራው መብራት ማብራት፣ ክላክስ ማስጮህና ለካንዴላ እሳት መስጠት ነበር። ዛሬ በዚያው ከተማ ለሽያጭ የሚቀርብ፣ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ግን በአውሮፓ ኅብረት ሕግ ከ2017 ጀምሮ ኤቢኤስ ፍሬን ሊኖረው ግድ ነው። ያን ፍሬን የሚያዘው ኮምፒውተር ነው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ድንገተኛ የቮልቴጅ ዝላይ አይችልም።

ጀርመኖች ይህን ዝላይ ሽፓኑንግስሽፒትሰ ይሉታል፤ ቃል በቃል «የውጥረት ጫፍ» ማለት ነው። አማርኛ አንባቢ ግን ውጥረት ሲባል ገመድ ወይም ጠብ እንጂ ኤሌክትሪክ አይታየውም። «የቮልቴጅ ግንፈላ» ይሻላል። ወተት ጥዶ ለአፍታ ዞር ያለ ሰው ያውቀዋል፦ ጸጥ ብሎ ይቆይና ድንገት ሽቅብ ተነሥቶ ከድስቱ አፍ ያልፋል።

ግንፈላው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከጥቅል ሽቦ ነው። በሽቦው የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ድንገት ሲቋረጥ፣ የተከማቸው የማግኔት ኃይል መውጫ ሲፈልግ ቮልቴጁ ይዘላል። ቦቢና የባትሪውን 12 ቮልት ከ20,000 በላይ አድርሶ ካንዴላ የሚያቀጣጥለው በዚሁ ጠባይ ነው። በሞተሪኖ ሪሌና በክላክስ ውስጥ ግን ሳይፈለግ ይመጣል። የድሮ ሞተር ፑንቲናን ከዚህ የሚጠብቀው ትንሹ ኮንደንሰር ነበር።

የከፋው ዲናሞው ባትሪ እየሞላ ሳለ የባትሪው ካቦ ሲላቀቅ ነው። ለባለ 12 ቮልት ተሽከርካሪዎች የወጣው ዓለም አቀፍ የፍተሻ ደረጃ አይኤስኦ 16750-2፣ መከላከያ በሌለበት ግንፈላው እስከ 101 ቮልት ደርሶ እስከ 400 ሚሊሰከንድ ሊቆይ እንደሚችል ይገምታል።

«ፊውዝ አለው» ብሎ መተማመን እዚህ ላይ ስሕተት ነው። ፊውዝ የሚቀልጠው የኤሌክትሪክ ፍሰት ሲበዛ ነው፤ እስኪሞቅም ጊዜ ይፈልጋል። ግንፈላን የሚይዘው በፖዘቲቭና በኔጌቲቭ መካከል የሚገጠም ልዩ ዳዮድ ነው። ቮልቴጁ ልክ ላይ እያለ ዝም ይላል፤ ካለፈ ግን በቅጽበት ከፍቶ ትርፉን ወደ ኔጌቲቩ ይለቀዋል።

ሞተርዎ ዳዮዱ ኖረውም አልኖረው፣ የባትሪውን ካቦዎች ጠበቅ አድርገው ይሰሩ። ሞተሩ እየሠራ ደግሞ በፍጹም አይንቀሉ።