እውነትን መሻትና የእስር ቤት ጥያቄ፦ ገድለ እስጢፋኖስና ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ

በሥነ ጽሑፍ ታሪካችን ውስጥ «እውነት የትኛው ነው?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከእስርና ከስደት ጋር ተያይዞ ይገኛል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ከዚሁ ትስስር በመነሣት፣ አንድ ክርስቲያን የአገር ልማድ፣ የመንግሥት ትእዛዝና ልዩ ልዩ እምነቶች በከበቡት ጊዜ እውነትን በምን ሚዛን ሊመዝን እንደሚችል በሁለት የግዕዝ ሥራዎች አማካይነት መመርመር ነው። ሥራዎቹ የአቡነ እስጢፋኖስ ገድልና ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ሁለቱን አጣምሬ እንድመለከት ያነሣሣኝ ከጥቂት ዓመታት በፊት በቃሊቲ ማረሚያ ቤት ለታራሚ ተማሪዎች የሰጠሁት ገለጻ ስለሆነ፣ እዚያ የተነሣውን ጥያቄ በቦታው አቀርባለሁ።

አቡነ እስጢፋኖስ በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በትግራይ፣ በአጋሜ የተወለዱ መነኩሴ ናቸው። የትምህርታቸው ፍሬ ነገር በአጭሩ ሲገለጥ፣ መነኩሴ በእጁ ሥራ ይደር፣ ለሚመራበት ሕግ መጽሐፍ ቅዱስ ይብቃው፣ ስግደትም ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ይሁን የሚል ነው። ከዚህ የተነሣ ለንጉሥ አልሰግድም አሉ፤ በመስቀልና በእመቤታችን ሥዕል ፊት እንዲሰገድ የወጣውንም ትእዛዝ አልተቀበሉም። በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ (1434–1468 እ.ኤ.አ.) ዘመን ተገርፈው ታሰሩ፤ በእስር ላይ እንዳሉም ዐረፉ። ተከታዮቻቸው ደቂቀ እስጢፋኖስም ተሳደዱ፤ በድንጋይ የተወገሩም ነበሩ።

እዚህ ላይ ንጉሡን እንደ ተራ አሳዳጅ ብቻ ማየት ታሪኩን ያሳንሰዋል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ የሃይማኖት ሊቅ ነበሩ። መጽሐፈ ብርሃንን የመሰሉ ድርሳናት በስማቸው ይታወቃሉ። በ1450 እ.ኤ.አ. በደብረ ምጥማቅ በተደረገው ጉባኤ ለረጅም ጊዜ ያከራከረው የሰንበት ጉዳይ መቋጫ ያገኘው በእሳቸው ዘመን ነው። ሕዝቡ ወደ ጠንቋይ መሄዱንና ባዕድ አምልኮን ከክርስትና ጋር መቀላቀሉን በጽኑ ተዋግተዋል። እንግዲህ ንጉሡም መነኩሴውም «ክርስትናችን ከባዕድ ነገር ይጥራ» የሚል አንድ ምኞት ነበራቸው ማለት ነው። የተለያዩት በሚዛኑ ላይ ነው። ለንጉሡ የእውነት ዋስትና የሃይማኖት አንድነትና ያንን የሚያስከብረው ዙፋን ነበር። ለመነኩሴው ደግሞ ዙፋኑ ራሱ በመጽሐፉ የሚዳኝ ነው። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የእነዚህን መነኮሳት ታሪክ በ1996 ዓ.ም. በአማርኛ ተርጉመው ሲያሳትሙ «ደቂቀ እስጢፋኖስ» ከሚለው ስም ጋር «በሕግ አምላክ» የሚለውን ያገራችንን የአቤቱታ ቃል አጣምረው አርእስት ማድረጋቸው ይህንኑ ያሳያል። በሕግ አምላክ የሚል ሰው ከፊቱ ከቆመው ባለሥልጣን በላይ ሌላ ዳኛ አለ ብሎ ያምናል።

ሁለተኛው ሥራ ከዚህ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ ባለው ዘመን ላይ ይቆማል። የሐተታው ተራኪ የስም አጋጣሚ ሆኖ ዘርዓ ያዕቆብ ይባላል፤ በአክሱም አካባቢ በ1599 እ.ኤ.አ. መወለዱን ይነግረናል። ጊዜው ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በአገሩ ላይ ለማጽናት የተነሡበት፣ ብዙ ደም ከፈሰሰ በኋላም በ1632 እ.ኤ.አ. መንበሩን ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ የለቀቁበት ነው። ለእኛ ትምህርት ክፍል ይህ ዘመን ሌላም ትርጉም አለው። የኢየሱሳውያን መምህራን ሕዝቡን በሚናገርበት በአማርኛ ማስተማር በመጀመራቸው፣ የተዋሕዶ ሊቃውንትም በዚያው ቋንቋ መልስ መስጠት ግድ ሆነባቸው። አማርኛ ለነገረ መለኮት ክርክር ከዋለባቸው የመጀመሪያዎቹ ወቅቶች አንዱ ይህ ነው።

ተራኪው መጽሐፍ ሲያስተምር ፈረንጆቹ እንዲህ ይላሉ፣ ግብጻውያን እንዲህ ይላሉ እያለ ሁለቱንም ትርጓሜ ያቀርብ እንደነበር ይገልጻል። ይህም ከሁለቱም ወገን ጠላት አተረፈለት። ጠላቱ በንጉሡ ዘንድ ሲከሰው ጥቂት ወርቅና መዝሙረ ዳዊት ይዞ ሸሸ፤ ሁለት ዓመት ያህልም በዋሻ ተቀመጠ። እዚያ ሆኖ የጠየቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የሚያናጋ ነው። ሁሉም ሃይማኖቴ ትክክል ነው ሲል ዳኛው ማን ነው? እያንዳንዱ የአባቱንና የአገሩን ቃል ይዞ ከቆመ አባትና አገር ሚዛን ሊሆኑ አይችሉም። ስለዚህ ፈጣሪ ለሰው ሁሉ እኩል የሰጠውን ልቡና ሚዛኑ አደረገ። በዚህም ሚዛን የራሱን ቤተ ክርስቲያን ምንኩስናና ጾም፣ የእስልምናን ብዙ ሚስት ማግባት፣ እንዲሁም የሰውን ልጅ እንደ ከብት መሸጥን መርምሮ ነቀፈ። ጸሎቱን ግን አልተወም፤ ዳዊቱም እስከ መጨረሻው አብሮት ነበር። ኋላ በእንፍራዝ ተቀምጦ፣ መጽሐፍ እየጻፈና እያስተማረ እንደኖረ ይተርካል።

እንደሚታወቀው ይህ ሥራ ከባድ ክርክር አለበት። ሁለቱ የታወቁ ጥንታዊ ቅጂዎቹ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ለአንቷን ዳባዲ የደረሱት ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ በተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚስዮናዊ በኩል ነው። ኮንቲ ሮሲኒ በ1920 እ.ኤ.አ. ሥራው የጁስቶ የራሱ ድርሰት ነው ሲል ጻፈ፤ ሚትቮክም በ1934 ይህንኑ ደገፈ። ክሎድ ሳምነር በበኩላቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነው ባሳተሙት ሰፊ ጥናት ኢትዮጵያዊነቱን ተከላከሉ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ መጀመሪያ ተጠራጥረው ኋላ ሐሳባቸውን ለውጠዋል። አናይስ ቪዮን ደግሞ በቅርብ ዓመታት የኮንቲ ሮሲኒን አቋም በአዲስ ማስረጃ አጠናክራለች። በ2023 እ.ኤ.አ. አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ከታተመ በኋላም ክርክሩ አልተዘጋም።

ቃሊቲ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። በአዲስ አበባ መሐል የነበረው ትልቁ እስር ቤት «ዓለም በቃኝ» ይባል ነበር፤ የመናኝ ቃል ለእስር ቤት ስም መዋሉ ራሱ አንድ ጥናት ይወጣዋል። በቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመርቋል። ከዚያ ወዲህ እስርና ጽሑፍ በአንድነት ሲነሡ የሚጠራው ስም ቃሊቲ ሆነ። የግቢው ስምንት ዞኖች አጠራር «ዞን 9» ለተባሉት ወጣት ጸሐፍት መጠሪያ መነሻ መሆኑ ይታወሳል፤ ከእነሱም አንዳንዶቹ በ2006 ዓ.ም. ታስረዋል። በገለጻዬ ላይ የተገኙት ታራሚዎች ግን አብዛኞቹ በተራ ወንጀል የተፈረደባቸው ነበሩ። ኦርቶዶክሱ፣ ጴንጤውና ሙስሊሙ አጠገብ ለአጠገብ ተኝተው የሚያድሩ፣ የአንዱን ጸሎት ሌላው በግድ የሚሰማ ሰዎች ናቸው። «እያንዳንዱ የኔ ትክክል ነው ይላል» የሚለውን የሐተታውን ሐሳብ ለእነሱ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

ስለ ደራሲው ማንነት ያለውን ክርክር ካስረዳሁ በኋላ፣ «ዋናው ግን ሐሳቡ ነው፤ ማንም ይጻፈው» በሚል ቃል ልደመድም ስል አንድ ጎልማሳ እጁን አወጣ።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እኔ እዚህ የገባሁት በሐሰተኛ ሰነድ ነው። ሰነዱ ላይ የተጻፈው ነገር እውነት ነበር፤ ፊርማውና ማኅተሙ ነው የኔ ሥራ። ዳኛው ግን ‹ሐሳቡ እውነት ነው› አላለኝም። ለዚህ መጽሐፍ ሌላ ዳኝነት ያለው ለምንድን ነው?»

ተማሪዎቹ ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ቀጥሎም በዲቁና አድጎ በእስር ላይ ሳለ ከጴንጤዎች ጋር መጸለይ መጀመሩን፣ እናቱ ይህንን ሰምታ መጠየቅ ማቆሟን ነገረን። «እኔ ፈረንጅ ይጻፈው አበሻ ግድ የለኝም፤ ግን ማን እንደነገረኝ ሳላውቅ እናቴን ላጣባት አልችልም» አለ።

ይህ አነጋገር በብዙ ጉባኤ ከሰማኋቸው ክርክሮች ይልቅ ጉዳዩን አጥርቶ ያስቀምጠዋል ብዬ አምናለሁ። እውነት በአንድ ጽሑፍ ውስጥ በሁለት ቦታ ትጠየቃለች። አንደኛው ቃሉ እውነት ነው ወይ የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ተናጋሪው ነኝ ያለውን ነው ወይ የሚለው ነው። የመጀመሪያው በልቡና ይመረመራል፤ ባሪያ መሸጥ ክፉ ነው የሚለውን ማን ይበለው ማን ክፉነቱን አይቀንሰውም። ሁለተኛው ግን በብራና፣ በቋንቋ፣ በቅጂ ታሪክ ይመረመራል። «እኔ ተሰደድሁ፣ በዋሻ ተቀመጥሁ» የሚል ቃል ምስክርነት ነው፤ ምስክርነት ደግሞ ከምስክሩ ተለይቶ አይቆምም። የሐሳቡ ማማር ለምስክሩ ዋስ ሊሆን አይችልም፤ የምስክሩ መጠርጠርም ሐሳቡን ሁሉ ሐሰት አያደርገውም።

ይህንን ልዩነት ካልያዝን ሁለት ወጥመዶች ይጠብቁናል። አንደኛው የአገር ፍቅር ነው። ሐተታው የኛ እንዲሆን ስለምንፈልግ ብቻ የኛ ነው ካልን፣ ሐተታው ራሱ የነቀፈውን፣ የአባትና የአገር ቃልን ሚዛን ማድረግን፣ መልሰን ፈጸምነው ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የአውሮፓ ሊቅ ስለጠረጠረው ብቻ መጠርጠር ነው፤ ይህም ዙፋኑን ከጎንደር ወደ ሮም ወይም ወደ ፓሪስ ማዛወር እንጂ ከዙፋን ነፃ መውጣት አይደለም። ለአቡነ እስጢፋኖስ ገድልም ይኸው ጥንቃቄ ይገባል። የጻፉት ደቀ መዛሙርት ናቸው፤ የመምህራቸውን ስቃይ የሚተርኩት በፍቅርና በቁጭት ነው። የንጉሡን ወገን ለመስማት ደግሞ ዜና መዋዕሉንና መጽሐፈ ብርሃንን አብሮ ማንበብ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ ሁለቱ ሥራዎች በሚዛናቸው ቢለያዩም በአንድ ነገር መገናኘታቸውን ነው። አንዱ መጽሐፍን፣ ሌላው ልቡናን ከዙፋን በላይ አደረገ፤ ሁለቱም ለዚህ ዋጋ ከፍለዋል ተብሎ ተጽፏል። ለክርስቲያን አንባቢ ይህ ቀላል ምርጫ አያቀርብለትም። መጽሐፍን ያለ ልቡና የሚይዝ ሰው በንጉሡ መንገድ ሌላውን ወደ ማሳደድ ሊደርስ ይችላል። ልቡናን ብቻ የሚይዝም የራሱን ምኞት ልቡና ብሎ ሊጠራው ይችላል። ለዚህም ይመስለኛል የሐተታው ተራኪ ወደ ዋሻ ሲሸሽ ዳዊቱን ያልተወው።

በመሆኑም በክፍሎቻችን ሐተታን ስናስተምር ክርክሩን በግርጌ ማስታወሻ ደብቀን ማለፍ የለብንም። ተማሪው የኮንቲ ሮሲኒንም የሳምነርንም የቪዮንንም ማስረጃ ጎን ለጎን ያንብብ፤ ከዚያም በላይ ግዕዙን ራሱ ይማር። ግዕዝ የማያውቅ አንባቢ በዚህ ጉዳይ ከሌላ ሰው ፍርድ ውጪ ምንም በእጁ የለውምና።